ሳይቃጠል በቅጠል

ባዮ ኦይል ላይ ልትሠሩ ላሰባችሁ ልጆቼ፣

ስሙ አያሳስታችሁ። ዘይት ተባለ እንጂ ዘይት አይደለም። የቡና ገለባ ወይም የባሕር ዛፍ ሰጋቱራ አየር በሌለበት ወደ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በቅጽበት ይሞቅና ጭሱ ወዲያው ይቀዘቅዛል። የሚንጠባጠበው ጥቁር ፈሳሽ ጭስ ጭስ፣ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። ከ15 እስከ 30 በመቶው ውሃ ነው። ፒ ኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ2 እስከ 3 ስለሆነ ተራ ብረት ይበላል። ከናፍጣም ጋር አይዋሐድም።

እኔ ይህን ሳላውቅ ነው የገባሁበት። ድፍድፍ ነዳጅ የሚጣራው በማፍላት አይደል? እኔም ብልቃጥ ውስጥ ጨምሬ አፈላሁት። መጀመሪያ ውሃው ወጣ። ደስ አለኝ። ከዚያ አረፋ ደፈቀ፣ እየከበደ መጣ። ሲበርድ ብልቃጡን ገለበጥኩት፤ ጠብ የሚል የለም። ግማሽ ያህሉ ከሰል መስሎ መስታወቱ ላይ ተጣብቋል። በአሴቶን ዘፈዘፍኩት፣ በሽቦ ፋቅሁት፣ በመጨረሻ ብልቃጡን ጣልኩት። የዕቃ ግምጃ ቤቷ ኃላፊ ያየችኝ አስተያየት እስካሁን አይረሳኝም።

ውስጡ ያሉት አልዲሃይድና ፌኖል የሚባሉ ኬሚካሎች፣ እንዲሁም የሊግኒን (እንጨትን አጣብቆ የሚይዘው ነገር) ስብርባሪዎች እርስ በርስ ለመያያዝ ይቸኩላሉ። ሙቀት ሲያገኙ ይብስባቸዋል። ጀሪካን ውስጥ ቢቀመጥ እንኳ በወራት ውስጥ ይወፍራል።

መድኃኒቱ አልኮል ነው። 10 በመቶ ሜታኖል ሲገባበት የመወፈሩ ፍጥነት በ20 እጥፍ ገደማ እንደሚቀንስ የአሜሪካ ተመራማሪዎች በ1997 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። እኔ ግን ኢታኖል ይሻለኛል። ሜታኖል ዓይን ያጠፋል፤ ኢታኖል ደግሞ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከሞላሰስ (ከስኳር ተረፈ ምርት) የሚያወጣው የአገር ዕቃ ነው። አልኮሉ ማቅጠን ብቻ አይደለም ሥራው። አሲዱንና አልዲሃይዱን ቀድሞ ይይዛቸዋል፣ ሰንሰለቱ እንዳይረዝም። ታዲያ በተቀዳበት ዕለት ይግባ። ከወፈረ በኋላ ያቀጥነዋል እንጂ የተያያዘውን አይፈታውም።

ለመለየት ከፈለጋችሁ አልኮል ያልነካውን ድርሻ ውሰዱ። በረዶ የመሰለ ውሃ ላይ እያማሰላችሁ ጠብ ጠብ አድርጉት፤ ሊግኒኑ ቡናማ ዱቄት ሆኖ ይዘቅጣል። ከላይ ያለውን ፈሳሽ ኢታይል አሲቴት ከሚባል ማሟሟያ ጋር ናጡት። ፌኖሎቹ ወደዚያ ይሻገራሉ፣ ስኳሮቹ ውሃው ውስጥ ይቀራሉ። ስትንጡ በየመሃሉ አስተንፍሱት፤ ቡሽ ተፈናጥሮ ጣሪያ ሲመታ አይቻለሁ። እሳት አጠገቡ አይድረስ።

የደከማችሁበት ፈሳሽ ሳይወፍር መቆየቱን ለማየት ወራት አትጠብቁ። ናሙናውን በ80 ዲግሪ ለ24 ሰዓት አቆዩና ውፍረቱን በፊትና በኋላ ለኩ። ክዳኑን ግን ጥብቅ! አልኮሉ ከተነነ የለካችሁት ሌላ ነገር ነው።