ውሉን አትፍሪው፣ «እሱ ብቻ ያስተዳድራል» የሚለው ግን ይውጣ

የኔ እህት፣ እጮኛሽ ከሰርጉ በፊት የጋብቻ ውል እንፈራረም ብሎሽ ካዛንቺስ የቤተሰቡ ቤት ሲፈርስ በደረሰው ካሳ የገዛው ኮንዶሚኒየም የግሉ እንዲሆን፣ ከተጋባችሁ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ደግሞ እሱ ብቻ እንዲያስተዳድር ይፈልጋል፣ እናትሽ ደሞ ገና ሳትጋቡ ፍቺ አሰባችሁ ብለው ተቆጥተዋል፣ ይሄ ነው አይደል ጥያቄሽ? እኔና ባለቤቴም ውል ተፈራርመን ነው የተጋባነው፣ ከእናቴ የወረስኩት አራት ኪሎ አካባቢ ቤት ስለነበረኝ፣ የአክስቶቼ ንግግር ቀላል አልነበረም፣ ግን እስከዛሬ በብር ጉዳይ ያልተጣላነው ያኔ ሁሉንም አውጥተን ስለተነጋገርን ነው።

ቤቱ ላይ አትከራከሪው። አዲስ አበባ ላይ የሚሰራው የ1992ቱ የቤተሰብ ህግ ውል ባይኖርም ከጋብቻ በፊት የነበረ ንብረት፣ በኋላም በውርስ ወይ በስጦታ የተገኘ የግል ነው ይላል። ብዙ ሰው የማያውቀው ኪራዩን ነው፣ ቤቱ የሱ ሆኖ ቢያከራየው እንኳን ከተጋባችሁ በኋላ የሚገባው ኪራይ የጋራ ነው፣ ደሞዛችሁም እንደዛው። እኛን በጣም ያነጋገረን ይሄ ነበር፣ የኔ ቤት ተከራይ ስለነበረው። የኮንዶሚኒየሙ የባንክ እዳ ካላለቀ ደሞ ከሰርጉ በኋላ የሚከፈለው ከደሞዛችሁ ማለትም ከጋራ ብር ነው፣ ያ ብር ለወደፊት እንዴት እንደሚታሰብ አሁኑኑ ይጻፍ።

«እሱ ብቻ ያስተዳድራል» የሚለውን ግን እኔ ብሆን አልፈርምም። በህጉ የጋራ ንብረት የሚተዳደረው በጋራ ነው፣ ለአንዱ የሚሰጠው ሌላው ከተስማማ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ያንን ስልጣን የምትሰጪው አንቺ ነሽ። በስሙ ብቻ የተመዘገበ ንብረት እንኳን የግሉ መሆኑን ካላስረዳ የጋራ ነው ተብሎ ነው የሚገመተው። የጋራ ቤት መሸጥ፣ ማከራየት፣ ባንክ ማስያዝ የሁለታችሁን ስምምነት ይፈልጋል፣ ሳያማክርሽ ካደረገው ፍርድ ቤት ማስፈረስ ትችያለሽ፣ ግን ባወቅሽ በ6 ወር ውስጥ ነው፣ 2 አመት ካለፈው ደሞ ባታውቂም አልቋል። ብቻውን ማስተዳደር ለምን እንደፈለገ ራሱን ጠይቂው፣ ወንድሞቹ ናቸው ያሉት ወይስ የራሱ ሀሳብ ነው? መልሱን በደንብ ስሚው።

ያንቺም ንብረት ይዘርዘር፣ ወርቅሽ፣ ቁጠባሽ፣ ከሰርጉ በፊት የባንክ ስቴትመንት አውጪ። ውሉ በጽሁፍ ሆኖ ከየወገናችሁ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ 4 ምስክር ካልፈረመበት ዋጋ የለውም። የሚፈረመውም ከሰርጉ በፊት ወይ በእለቱ ነው፣ ከተጋባን በኋላ እናስተካክላለን ቢልሽ እሺ አትበይ፣ ባልና ሚስት ከተሆነ በኋላ የሚደረግ ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይሰራም። ረቂቁን የጻፈው የነሱ ጠበቃ ከሆነ ደሞ ሳትፈርሚ ለሌላ ጠበቃ አሳዪው፣ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ቢሮ ያላቸው ሞልተዋል፣ እናትሽንም ይዘሻቸው ሂጂ፣ ጠበቃው ሲያስረዳ እሳቸውም ይስሙት።