በአየር የተሞላ ጠመንጃ ሌሊቱን ግፊቱን ሲያጣ

ጥያቄ፦ «በከፍተኛ ግፊት አየር ቀድሞ የሚሞላ የአየር ጠመንጃ አለኝ። ማታ 200 ባር ሞልቼ አስቀምጠውና ጠዋት 170 ባር፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ 110 ባር ሆኖ አገኘዋለሁ። በመሙያው ዘንግ ላይ ያሉትን ሁለት የጎማ ቀለበቶች ብቀይርም ለውጥ አላየሁም። ሁሉንም ፈትቼ ቀለበቶቹን በሙሉ ልቀይራቸው ወይ?»

መልስ፦ አይፍቱት፤ የሚተነፍስበትን ቦታ በዓይንዎ ሳያዩ አንድም ብሎን አይንኩ። ከጥገና ሥራዬ እንደማውቀው፣ አንድ ቀለበት ብቻ ያረጀበት ጠመንጃ ቀላል ሥራ ነው፤ ቦታው ሳይታወቅ የተፈታው ግን የቀለበቱ ማረፊያ በብረት መርፌ ተጭሮ፣ አዲሶቹ ቀለበቶች ሲገቡ በብሎን ጥርስ ተቆርጠው፣ አንድ የነበረው ችግር ሦስትና አራት ሆኖ ይመጣል።

የቀየሯቸው ቀለበቶች ለውጥ ያላመጡበት ምክንያት ግልጽ ነው። በመሙያው ዘንግ ላይ ያሉት ቀለበቶች የሚሠሩት አየር በሚሞላበት ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ዘንጉ ከወጣ በኋላ አየሩን ይዞ የሚያድረው ከመሙያው ቀዳዳ በስተ ውስጥ ያለው፣ አየርን ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ውጭ የማያሳልፈው ትንሽ ቫልቭ ነው። ስለዚህ የመሙያው ወገን ገና ከጥርጣሬ አልወጣም።

ከፍለጋው በፊት ግን ከጠፋው 30 ባር ውስጥ ምን ያህሉ በእርግጥ እንደወጣ መለየት ያስፈልጋል። አየር ሲታመቅ ይሞቃል፣ ሲቀዘቅዝም ግፊቱ ይወርዳል፤ በ200 ባር ላይ የ10 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀዝቀዝ ብቻውን ወደ 7 ባር ገደማ ይቀንሳል። ቀስ ብለው ይሙሉት፣ ቱቦው የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ አንድ ሰዓት ያህል ያቆዩት፣ ከዚያ በኋላ ያነበቡትን ቁጥር መነሻ ያድርጉ። የእርስዎ ጠመንጃ ግን በሦስተኛው ቀን 110 ባር መድረሱ በእርግጥ እንደሚተነፍስ ያረጋግጣል። የአየር ቱቦው 200 ሚሊ ሊትር ይይዛል ብንልና በመጀመሪያው ሌሊት በእርግጥ የወጣው 23 ባር ነው ብንል፣ በተራ የከባቢ አየር ግፊት ሲለካ 4.6 ሊትር አየር ነው፤ በ10 ሰዓታት ሲከፈል በደቂቃ ከ7 ሚሊ ሊትር በላይ ይሆናል። ይህን ያህል አየር በሳሙና ውሃ ውስጥ ሊደበቅ አይችልም፤ እኔም ፍለጋው እንደሚሳካልዎት የማምነው ለዚህ ነው።

ጥይቱንና ካዝናውን አውጥተው፣ በአፈሙዙ ውስጥ የቀረ ጥይት አለመኖሩን አረጋግጠው፣ ሰደፉን ብቻ ያውልቁ። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ከጥቂት ውሃ ጋር ወፍራም እስኪሆን በጥብጠው በለስላሳ ብሩሽ ይቀቡ፦ በመሙያው ቀዳዳ ውስጥ፣ የግፊት መለኪያው በሚታሰርበት ዙሪያ፣ በቱቦው ጫፍ ክዳን ላይ። ለእያንዳንዱ ቦታ ጥቂት ደቂቃ ይስጡት፤ በዝግታ የሚወጣ አየር አረፋ ለመሥራት ጊዜ ይፈልጋል። ጠመንጃዎ የግፊት መቆጣጠሪያ ካለው፣ በቱቦው ጎን ላይ ያለችው ትንሽ የመተንፈሻ ቀዳዳ ልዩ ትኩረት ትሻለች። ከእርሷ አየር መውጣት የለበትም፤ አረፋ ከታየባት የመቆጣጠሪያው የውስጥ ቀለበት አልቋል ማለት ነው፤ ቀዳዳዋን መድፈን ግን ፈጽሞ መፍትሔ አይሆንም። ሲተኮስ አየሩን ወደ አፈሙዙ ለሚለቀው ዋናው ቫልቭ ደግሞ የጥይት ማስገቢያው ተዘግቶ ሳለ በአፈሙዙ ጫፍ ላይ ፊኛ አስረው ያቆዩት፤ ፊኛው ከተነፋ አየሩ የሚያመልጠው በዋናው ቫልቭ በኩል ነው።

ዋናው ቫልቭ ሆኖ ከተገኘ ተስፋ አይቁረጡ፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በቫልቩ መቀመጫ ላይ ያረፈ ብናኝ ነው። ግፊቱ ከፍ ባለበት፣ ጠመንጃው ያለ ጥይት በአስተማማኝ አቅጣጫ ጥቂት ጊዜ ሲተኮስ የሚወጣው ኃይለኛ አየር ብናኙን ጠርጎ ሊወስደው ይችላል። ካልተስተካከለ መቀመጫውን በአሸዋ ወረቀት አይፈግፍጉ፤ የቫልቩን መዝጊያ መቀየር ይሻላል። ባዶውን ጠመንጃ ሲሞሉ አየሩ ወዲያው በአፈሙዝ የሚወጣ ከሆነ ግን፣ ሲተኮስ ቫልቩን መትቶ የሚከፍተው የመምቻው ሞላ ቫልቩን ገፍቶ ከፍቶት ሊሆን ስለሚችል፣ መምቻውን አስቀድመው ወጥረው ይሙሉ።

ቦታው ከታወቀ በኋላ፣ ከመፍታትዎ በፊት አየሩን በሙሉ፣ አምራቹ ባዘዘው መንገድና በዝግታ ያውጡ። በዝግታ የምለው፣ ግፊቱ በድንገት ሲወርድ ጎማው ውስጥ ሰርጎ የነበረው አየር ቀለበቱን ከውስጥ ስለሚያሳብጠውና ስለሚሰነጥቀው ነው። መለኪያው ዜሮ ማሳየቱ ብቻ አያስተማምን፤ መርፌው ሊጣበቅ ይችላል። በ200 ባር፣ 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን የቱቦ ክዳን ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ወደ 1 ቶን ክብደት ይጠጋል። ስለዚህ ክዳኑ ከላላ በኋላም በእጅ ለመዞር እምቢ ካለ፣ ውስጡ አየር አለና ወዲያው ያቁሙ፤ ፊትዎም በክዳኑ አቅጣጫ አይሁን። አየር ባለበት ቱቦ ላይ ማንኛውንም ነገር ማጥበቅም ሆነ ማላላት የተከለከለ ነው።

አሮጌውን ቀለበት በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ስንጥር ያውጡ። አንድ ወገኑ ተጨፍልቆ ከሆነ ዕድሜው አልቋል፤ ጠርዙ ተቆርጦ ከሆነ ግን የቆረጠውን ስለት ሳያገኙ አዲሱን አያስገቡ። ለአዲሱ መለኪያ የሚወስዱት ቅርጹን ካጣው ቀለበት ሳይሆን ከማረፊያው ነው። ለከፍተኛ ግፊት፣ በጎማ ጥንካሬ መለኪያው በሾር A መጠኑ 90 የሆነ፣ ናይትሪል ከሚባለው ሰው ሠራሽ ጎማ የተሠራ ቀለበት በተለምዶ ይመረጣል፤ ለስላሳው 70 ክፍተቱ ሰፊ በሆነበት ቦታ በግፊቱ ተገፍቶ ሊቆረጥ ይችላል። በስሱ የሲሊኮን ቅባት ይቀቡት፣ የብሎኑን ጥርስ በስስ ላስቲክ ሸፍነው ያሳልፉት። ተራ ዘይትና የማሽን ግራሶ በታመቀ አየር ውስጥ ሊቀጣጠሉና ሊፈነዱ ስለሚችሉ ወደ ቱቦው አያቅርቧቸው። አየሩን የጎማ ቀለበት በሚዘጋበት ብሎን ላይ ተደርቦ የሚጠቀለል ነጭ የቧንቧ ቴፕም አይረዳም፤ ቴፕ የሚሠራው ጥርሱ ራሱ በሚዘጋበት፣ ወደ ጫፉ እየቀጠነ በሚሄድ ብሎን ላይ ነው።

ቱቦው ውስጥ ዝገት፣ ጭረት ወይም እብጠት ካዩ ጥገናው በዚያ ያበቃል፤ ቱቦው ይለወጣል እንጂ ዳግም አይሞላም። ንጹሕ ከሆነ ገጥመው በመጀመሪያ 50፣ ቀጥሎ 100 ባር ሞልተው በየደረጃው የሳሙናውን ውሃ ይቀቡ፤ ምንም አረፋ ካልታየ እስከ 200 ባር ይሙሉት። አንድ ሰዓት አቆይተው መነሻውን ይመዝግቡና በዚያው ክፍል ውስጥ፣ ከ24 ሰዓታት በኋላ፣ ተመሳሳይ ሙቀት ባለበት ጊዜ እንደገና ያንብቡት።