የድሮ ሞተር እሳት እምቢ ሲል፦ ጥያቄና መልስ ከሐዋሳ

ሰላም ለሁላችሁም። እዚህ ሐዋሳ በተለይ ከመሥሪያ ቤት በጨረታ የወጡ የድሮ ያማሃና ሆንዳ ሞተር ሳይክሎችን እጠግናለሁ። ስለ እሳት፣ ማለትም ቤንዚኑን ስለሚያቀጣጥለው ብልጭታ፣ ችግር ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጥያቄው ጎረፈ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልበል፦ ሳትፈትሹ ዕቃ አትግዙ። ሞተር አልነሳ ካለ መጀመሪያ የምትሰሙት «ሲዲአዩ ተቃጥሏል» የሚል ነው፤ ሲዲአይ እሳቱን የሚቆጣጠረው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን ነው። አብዛኛውን ጊዜ አልተቃጠለም።

ጥያቄ፦ ዲቲ 125 ያማሃ አለኝ። ኪክ ብረግጥ ብረግጥ አይነሳም። መካኒኩ ሲዲአይ ግዛ ብሎኛል። ልግዛ ወይስ ሌላ የማየው አለ?

መልስ፦ ቆይ፣ ገንዘብህን ያዝ። በደንብ ከረገጥክ በኋላ ካንዴላውን (ብልጭታ ሰጪውን) ፍታና ጫፉን እየው። በቤንዚን ከራሰ ነዳጅ እየደረሰ ነው፣ እሳቱን እንጠረጥራለን። ደረቅ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሰልባትዮና ካርቡራተሩን እይ።

ቀጥሎ ካንዴላውን ገመዱ ጫፍ ያለው ኮፍያ ላይ ሰክተህ ብረቱን ሞተሩ ላይ አስነካና ኪክ ርገጥ። ጥላ ውስጥ ይሁን፣ በሐዋሳ የቀትር ፀሐይ ደካማ ብልጭታ አይታይም። ከሲሊንደሩ ቀዳዳ አርቀው፣ የሚወጣው የቤንዚን ትነት በብልጭታው ሊቀጣጠል ይችላል። ባዶ እጅህንም አታስጠጋ፣ እጀታው ጎማ በሆነ ፒንሳ ያዘው። ደግሞ ኮፍያውን አየር ላይ አንጠልጥለህ አትርገጥ፤ እሳቱ መውጫ ካጣ ኮይሉን (ቮልቱን ከፍ የሚያደርገውን ጥቅልል) ወይም ሲዲአዩን ሊያበላሽ ይችላል፣ ያኔ መካኒኩ እውነቱን ሆነ ማለት ነው።

ወፍራም ሰማያዊ ብልጭታ ካየህ ጥሩ ነው። ቀጭንና ቢጫ ከሆነ ደካማ ነው። ግን ውጪ ላይ እሳት ሰጠ ማለት ጉዳዩ አለቀ ማለት አይደለም። ሲሊንደር ውስጥ አየሩ ታምቆ ስለሚገኝ ብልጭታው ለመዝለል በጣም ከፍ ያለ ቮልት ይፈልጋል። ስለዚህ ደካማ ኮይል ደጅ ላይ ጀግና ሆኖ ውስጥ ሊለግም ይችላል።

ጭራሽ እሳት ከሌለ መጀመሪያ ሌላ ካንዴላ ሞክር። ካልሆነ ኮፍያውን ከገመዱ ላይ አዙረህ አውጣው። ውስጡ ሬዚስተር አለው፣ ብዙዎቹ ላይ 5,000 ኦም አካባቢ ነው። በቴስተር ለካው፤ ምንም ካላነበበ ኮፍያው ሞቷል፣ ዋጋውም ከሲዲአይ ጋር አይወዳደርም። የገመዱን ጫፍም ትንሽ ቆርጠህ ንጹሕ ሽቦ ላይ መልሰህ እሰረው።

አሁንም ከሌለ ወደ ማጥፊያው ገመድ ሂድ። በጃፓን ሞተሮች ላይ ብዙውን ጊዜ ጥቁር ሆኖ ነጭ መስመር ያለው ገመድ ነው። ቁልፉን ስትዘጋ ይህ ገመድ ከማሳ፣ ማለትም ከቦዲው ጋር ይገናኝና እሳቱን ይገድላል። ሲዲአዩ ጋ ሶኬቱ ላይ ንቀለው። እሳት ከመጣ ችግሩ ቁልፉ፣ መሪው ላይ ያለው ማጥፊያ ወይም መንገድ ላይ የተላጠ ገመድ ነው። በዚህ ሁኔታ ሞተሩ ከተነሳ በቁልፍ አይጠፋልህም። ማርሽ አስገባ፣ ፍሬኑን አጥብቀህ ያዝ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ ልቀቅ፣ ይጠፋል።

በቅርብ ቀለም አስቀብተኸዋል? ጨረታ ላይ የተገዛ ሞተር ሁሉ መጀመሪያ የሚወሰደው ቀለም ቤት ነው መሰለኝ። ኮይሉ በብሎን የታሰረበት ቦታ ላይ ቀለም ካለ ማሳ አያገኝም። በብርጭቆ ወረቀት ፍቀውና መልሰህ እሰረው። ይህን ሁሉ አልፎ ችግሩ ከቀጠለ ያኔ ስለ ሲዲአይ እናውራ፣ እሱንም ከተመሳሳይ ሞተር ተውሰህ ሞክረህ።

ጥያቄ፦ ጠዋት ጥሩ ይነሳል። ከሻሸመኔ ስመለስ ጥቁር ውሃ አካባቢ ቀጥ ይላል። ግማሽ ሰዓት ሲያርፍ ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሳል።

መልስ፦ ሙቀት ይመስላል፣ ግን ሁለት ነገር ይመሳሰላል። በቆመበት ቅጽበት የነዳጁን ክዳን ክፈት። የሚስብ ድምፅ ከሰማህና ትንሽ ቆይቶ ከተነሳ የክዳኑ የአየር ቀዳዳ በአቧራ ተደፍኗል፣ ኤሌክትሪኩን አትንካ። ካልሆነ ሞተሩ ሳይበርድ እዚያው ቆመህ እሳቱን ፈትሽ። ትኩስ እያለ ጠፍቶ ሲበርድ ከተመለሰ ኮይሉን ወይም ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር ከሚሽከረከረው ባለ ማግኔት ከባድ ብረት) ሥር ያሉትን ጥቅልሎች ጠርጥር። ሽቦው ላይ ያለው ሽፋን ሲያረጅ በሙቀት ይከዳል። ለዚህ ነው ጋራዥ ደርሶ በርዶ ሲለካ «ደህና ነው» የሚባለው። በትኩሱ ለካው፤ ቤት ውስጥ ከሆነ ኮይሉን በፀጉር ማድረቂያ አሙቀው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የኔ ሆንዳ የጥንት ናት፣ ፑንቲና (እየተከፈተና እየተዘጋ እሳት የሚያስነሳ መገናኛ) ያላት። ፑንቲናው ቶሎ ቶሎ ይቃጠላል።

መልስ፦ አባባ፣ እንዲህ ያለችውን ስለያዙ ደስ ብሎኛል። ፑንቲናው ቶሎ የሚቃጠል ከሆነ ኮንደንሰሩን (ከፑንቲናው ጋር የተያያዘውን፣ ብልጭታውን የሚያበርድለትን ዕቃ) ይጠርጥሩ። በጨለማ ሲረገጥ ፑንቲናው መሃል ደማቅ ብልጭታ ከታየ ያው ኮንደንሰሩ ነው፣ ይቀየር። ክፍተቱ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ይሁን። በሻካራ ወረቀት አይፈግፍጉት፣ ሲጨርሱም ቤንዚን የነካ ንጹሕ ወረቀት መሃሉ ይሳቡ፤ ቅባት ከቀረ እሳት የለም። ክፍተቱ ሲነካ ታይሚንጉ (እሳቱ የሚሰጥበት ቅጽበት) አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ቮላኖው ላይ ያለችው «ኤፍ» ምልክት ከመስመሯ ስትገጥም ፑንቲናው መከፈት መጀመር አለበት። ዓይን ካስቸገረ ልጆቹ ይዩልዎት።

ጥያቄ፦ ወደ ሐገረ ሰላም ስወጣ አቅም ያጣል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ኮይል ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሐዋሳ 1,700 ሜትር አካባቢ ነው፣ ሐገረ ሰላም ከ2,500 በላይ። አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ ይበዛል። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን አጽዳ፣ ቀጥሎ ካርቡራተሩ ላይ መርፌውን አንድ ደረጃ አውርድ።

ጥያቄ፦ የካንዴላው ቁጥር ልዩነት ያመጣል? ሱቁ «ሁሉም አንድ ነው» አለኝ።

መልስ፦ አንድ አይደለም። ኤንጂኬ በሚባለው ካንዴላ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ቀዝቃዛ (ሙቀቱን ቶሎ የሚያስወግድ) ይሆናል፤ 8 ከ7 ይቀዘቅዛል። ቦሽ ላይ ተቃራኒው ነው፣ ስለዚህ ቁጥር አይተህ ከአንዱ ወደ ሌላው አትዝለል። ከቁጥሩ በላይ ግን የጥርሱን ርዝመት አስተያይ። ከሚገባው በላይ ረጅም ከሆነ ፒስተኑን ሊመታ ይችላል፣ ያኔ ወሬው ስለ ካንዴላ መሆኑ ይቀራል። ክፍተቱ በብዙዎቹ ትናንሽ ሞተሮች ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ነው።

ጥያቄ፦ ባጠብኳት ቁጥር ቀኑን ሙሉ ትንተባተባለች።

መልስ፦ እህቴ፣ ሲመሽ ጨለማ ቦታ አስነሺና የካንዴላውን ገመድ በውሃ ረጨት አድርጊው። ሰማያዊ እሳት ገመዱ ላይ ወይም ኮፍያው ሥር ሲሯሯጥ ካየሽ የሚያፈስበት ቦታ እሱ ነው። ፕላስተር መጠቅለል ብዙ አያቆይም፣ ቀይሪው።

ጥያቄ፦ ኪኩ መልሶ እግሬን ይመታኛል፣ በካርቡራተሩም ይተኩሳል።

መልስ፦ ታይሚንጉ ተዛንፏል። ቮላኖውን ከዘንጉ ጋር የምትይዘው ትንሽ ቁልፍ ብረት ተቆርጣ ይሆናል። ያለ መንቀያው በመዶሻ እንዳትሞክረው፣ ማግኔቱ ይሰነጠቃል፣ ዘንጉም ይጎዳል። መንቀያ ያለው ጋራዥ ውሰደው።

ጥያቄ፦ ባትሪው ሞቷል። በኪክ መነሳት የለበትም እንዴ?

መልስ፦ እንደ ሞተሩ ነው። የድሮዎቹ ብዙዎቹ እሳታቸውን በቀጥታ ከቮላኖው ጥቅልል ስለሚያገኙ ያለ ባትሪ ይነሳሉ። እሳታቸው ከባትሪ የሆኑት ግን ባትሪው ከሞተ ኪክም አያድናቸውም። የአንተ ከነዚህ ከሆነ ሞተሩ ጠፍቶ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ተነስቶ ጋዝ ስትሰጠው 14 አካባቢ ማንበብ አለበት። አዲስ ባትሪ ከመግዛትህ በፊት ግን ፊውዙን እይ።