የአሮጌ ፒፓን እውነተኛ ሠሪ ስለ መለየት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከአያቴ በወረስኩት ፒፓ ላይ የታተመው ስም በታወቁት ሠሪዎች ዝርዝር ውስጥ አይገኝም። የሐሰት ሥራ ይሆን?

መልስ፦ እንዲህ ለማለት አያስደፍርም። በፒፓ ላይ የሚታተመው ስም ብዙ ጊዜ የሠሪው ሳይሆን የሻጩ ነው። በፈረንሳይ ጁራ ተራሮች ያለችው ሴን ክሎድ ከተማም ሆነች የለንደን ፋብሪካዎች፣ የትምባሆ ነጋዴዎች ሲያዟቸው የነጋዴዎቹን ስም እያተሙ ያስረክቡ ነበር። ሌላም ምክንያት አለ። ፒፓ የሚቀረጸው በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ከሚበቅለው አስታ ሥር እብጠት በመሆኑ፣ እንጨቱ ሲፈለፈል ቀዳዳ ወይም ስንጥቅ ብቅ ሊል ይችላል፤ ፋብሪካውም እንከን ያለበትን ሥራ በዋናው ስሙ መሸጥ ስለማይፈልግ ሌላ ስም ይሰጠዋል። የለንደኑ ፒፓ ሠሪ ደንሂል እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ፓርከር የተባለውን ስም ያወጣው እንዲህ ያሉትን ፒፓዎቹን ለመሸጥ ነው።

ጥያቄ፦ ስሙ ካልነገረን ታዲያ ምን ይነግረናል?

መልስ፦ በአንገቱ ላይ የታተመው፣ የፒፓውን ቅርጽ የሚለየው ቁጥር። እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምፈልገው እሱን ነው። ነጋዴው ስሙን ቢያስቀይርም ፋብሪካው የቅርጽ ቁጥሮቹን ብዙ ጊዜ አይቀይርም፤ ስለዚህ የማይታወቅ ስም ያለበት ፒፓ በቁጥሩም በቅርጹም ከአንድ የታወቀ ቤት ሥራ ጋር ከገጠመ፣ ፍለጋው ግማሽ መንገድ ሄዷል። መብራቱን ከጎን አስጠግታችሁ የፒፓውን አንገት ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት፤ ልስልስ በመሰለው እንጨት ላይ የቁጥሩ ጠርዝ ቀጭን ጥላ ሲጥል ታያላችሁ። በቁጥሩ አጠገብ «ሜድ ኢን ለንደን» የሚሉት ቃላት በክብ ተደርድረው፣ ከሥራቸው «ኢንግላንድ» የሚለው ቀጥ ብሎ ከታተመ፣ ጥርጣሬዬ በቀጥታ ወደ ኮሞይ ፋብሪካ ይሄዳል። ይሁንና በዚህ ብቻ አልፈርድም፤ የኦፐንሃይመር የንግድ ቤት ኮሞይ፣ ጂ ቢ ዲ፣ ቢ ቢ ቢና ሎዌ የተባሉትን ፒፓ ሠሪ ቤቶች በአንድ ጥላ ሥር ስለሰበሰበ፣ በኋላ ዘመን ሥራዎች የቤቶቹ ድንበር ይደበዝዛል።

ጥያቄ፦ የእኔ ፒፓ አንገት ላይ ምልክቶች ያሉበት የብር ቀለበት አለ። በእሱ መተማመን ይቻላል?

መልስ፦ የእንግሊዝ ብር ከሆነ ጥሩ ምስክር ነው። የሚራመደው አንበሳ ብሩ ከ1000 እጅ 925 ንጹሕ መሆኑን፣ የነብር ራስ በለንደን፣ መልህቅ ደግሞ በበርሚንግሃም መመርመሩን ያመለክታል፤ ከእነዚህ ጋር ያለው ነጠላ ፊደል ዓመቱን፣ የስም ፊደላቱ ደግሞ ብሩን ለምርመራ ያቀረበውን ቤት ያሳያሉ። ነገር ግን ቀለበቱ በጥገና ጊዜ ከሌላ ፒፓ መጥቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ዓመቱ የቀለበቱ እንጂ የግድ የእንጨቱ አይደለም። በአየርላንዱ ሠሪ በፒተርሰን ፒፓዎች ላይ የሚገኙት የሦስት ቅጠል ሣር፣ የአደን ውሻና የክብ ግንብ ምስሎች ደግሞ የብር ምርመራ ምልክት አይደሉም፤ ብር ባልሆነ ብረት ላይ የሚታተሙ ጌጦች ናቸው።

ጥያቄ፦ የአገር ስም መታተሙስ?

መልስ፦ ዘመኑን ያጠብባል። እ.ኤ.አ. በ1890 የወጣው የአሜሪካ የቀረጥ ሕግ ወደዚያ የሚገባ ዕቃ የተሠራበትን አገር እንዲያሳይ አስገድዷል። የአየርላንድ ፒፓ «ሪፐብሊክ» የሚል ቃል ካለበትም እ.ኤ.አ. ከ1949 አይቀድምም።

ጥያቄ፦ በሚነከሰው ክፍል ላይ ነጭ ነጥብ አለ። ደንሂል ነው?

መልስ፦ ነጭ ነጥብ የደንሂል መለያ ቢሆንም፣ በነጥቡ ብቻ አትመኑ። ፈጥኖ የሚሰበረውና የሚተካው ያ ክፍል ስለሆነ፣ ምስክርነቱ ከእንጨቱ ማኅተም በታች ነው። መጋጠሚያው ላይ ጣትዎን ያሳልፉ፤ ጠርዙ ካልተስተካከለ ክፍሉ ከሌላ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ማኅተሙ በእድፍ ስለተሸፈነ በማለስለሻ ጎማ ላጸዳው አስቤያለሁ።

መልስ፦ እባክዎ አያድርጉት። በጀማሪነቴ አንድ ፒፓ እስኪያብረቀርቅ ፈትጌ የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች አጥፍቻለሁ፤ ሠሪውን እስከ ዛሬ ለይቼ መናገር አልቻልኩም። በጥቂቱ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ጠርገው፣ ከማንኛውም ጥገና በፊት ማኅተሙን ከተለያየ አቅጣጫ በሚመጣ ብርሃን ፎቶ ያንሱት።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ተደርጎ ሠሪው ካልታወቀስ?

መልስ፦ የተረጋገጠውን ያህል ብቻ ይጻፉ፦ «የለንደን ሥራ፣ ቀለበቱ የዚህ ዓመት፣ ስሙ የሻጭ» ብለው፣ የሠሪውን ቦታ ባዶ ይተዉት። በግምት የተሞላ ስም ከፒፓው ጋር ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ፣ ቀጣዩ ባለቤት እንደ እውነት ይቀበለዋል።