25 ቶን የሚባለው ክሬን 5 ቶን ለምን አቃተው?

ጥያቄ፦ ዱከም ውስጥ አነስተኛ የፕላስቲክ ፋብሪካ አለኝ። 5 ቶን የሚመዝን፣ የቀለጠ ፕላስቲክ ወደ ሻጋታ የሚያስገባ የኢንጀክሽን ማሽን በሼዱ ጣሪያ በኩል ለማስገባት ቆርቆሮውን ከፍተን 25 ቶን የሚያነሳ የመኪና ክሬን ተከራየን። ማሽኑን ካመጣው መኪና ላይ ያለ ችግር አነሳው፤ ቡሙን (ረጅሙን የክሬኑን ክንድ) ወደ ሼዱ መሀል ሲዘረጋ ግን ማስጠንቀቂያው ጮኸና ኦፕሬተሩ አልቀጥልም አለ። ተታለልን? ወይስ ባለ 50 ቶን ክሬን መከራየት ነበረብን?

መልስ፦ አልተታለሉም፤ ኦፕሬተሩም የሠራው ትክክል ነው። በክሬኑ ላይ የተጻፈው 25 ቶን ቡሙ እንዳጠረ፣ ጭነቱም ከክሬኑ የመዞሪያ መሀል 3 ሜትር ያህል ብቻ ርቆ ሳለ የሚነሳው ከፍተኛ ክብደት ነው። ክሬንን የሚገለብጠው ክብደቱ በርቀቱ ሲባዛ የሚገኘው ጉልበት በመሆኑ፣ 25 በ3 ተባዝቶ የሚሰጠውን 75 የእርስዎ ሼድ መሀል ይርቃል ብዬ ለምገምተው 14 ሜትር ብናካፍለው የምናገኘው 5.4 ቶን ገደማ ነው። እውነታው ከዚህም ያንሳል፤ ቡሙ ሲረዝምና ሲጋደም የራሱ ክብደትም አብሮ ወደ ፊት ስለሚጎትት፣ አምራቹ በሎድ ቻርቱ (በየርቀቱ የሚነሳውን ክብደት በሚያሳየው ሠንጠረዥ) ላይ ለእንዲህ ያለ ረጅም ርቀት የሚፈቅደው ቁጥር ከዚህ ስሌት በታች ነው።

ከተፈቀደው ላይ ደግሞ የመንጠቆው፣ የብረት ገመዱና የሼክሉ (ገመዱን ከጭነቱ ጋር የሚያያይዘው የብረት ቀለበት) ክብደት ይቀነሳል። የማሽኑን 5 ቶንም ቢሆን ከመቀበልዎ በፊት ይጠይቁ፦ ሻጋታው እንደታሰረ ነው? የሃይድሮሊክ ዘይቱስ ወጥቷል? ብዙ ጊዜ በሰነድ ላይ የሚሰፍረው ክብደት ሁለቱንም አይጨምርም።

ባለ 50 ቶኑን ከመጥራትዎ በፊት ግን መሬትዎን ይመልከቱ። ያሁኑ ባለ 25 ቶን ክሬን እንኳ ከነጭነቱ 35 ቶን ቢመዝን፣ ቡሙ በአንዱ የጎን እግር አቅጣጫ ሲዞር ያ እግር ብቻውን ከግማሽ በላይ፣ እንበል 18 ቶን፣ ሊሸከም ይችላል። የእግሩ ሰሌዳ 40 በ40 ሳንቲሜትር ከሆነ በካሬ ሜትር ከ110 ቶን በላይ ጫና ነው፤ ከሥሩ 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ወፍራም ጣውላ ወይም የብረት ሰሌዳ ሲነጠፍ ወደ 18 ይወርዳል። በዋልካ አፈር ላይ፣ በተለይ በክረምት፣ ይህም ሊበዛበት ይችላል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ የኋላ ቀኝ እግር ድምፅ ሳያሰማ አንድ ስንዝር ሲሰምጥ ያየሁት ጭነቱ ገና ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ሳለ ነው፤ ባይሆን ኖሮ ይህን ምክር የሚጽፍልዎ ሌላ ሰው ይሆን ነበር። የሚበልጥ ክሬን ሲያመጡ የሚበልጥ ክብደት ወደዚያው መሬት እንደሚያመጡ አይርሱ።

በእኔ አስተያየት ጣሪያውን መክፈቱም አያስፈልግም ነበር። ያንኑ ባለ 25 ቶን ክሬን በሼዱ በር አጠገብ አቁመው፣ ማሽኑን በ5 ወይም በ6 ሜትር ርቀት ደፉ ላይ ያሳርፉትና ከዚያ በኋላ በወፍራም የብረት ቱቦዎች ወይም በማሽን ማንሸራተቻ ጎማዎች ላይ እየገፉ ወደ ቦታው ያድርሱት። ወለሉ ኮንክሪት ከሆነ አራት ሰዎችና ሁለት ክሪኮች ይበቃሉ። ሲያነሱት ገመዶቹ በጣም እንዳይጋደሙ ይጠንቀቁ፤ ሁለት ገመዶች ከአግድም 60 ዲግሪ ሲይዙ እያንዳንዱ 2.9 ቶን ይሸከማል፣ በ30 ዲግሪ ግን እያንዳንዱ ሙሉውን 5 ቶን ይሸከማል።

ወደፊት ሻጋታ ለመቀየር በየጊዜው የመኪና ክሬን መጥራት አያዋጣዎትም። ከሼዱ ዳር እስከ ዳር ከላይ የሚሄድ ኦቨርሄድ ክሬን ምቹ ቢሆንም ጫናው በምሰሶዎቹ ላይ ስለሚያርፍ፣ ለቆርቆሮ ጣሪያ ብቻ የተሠራ ምሰሶ መሐንዲስ ሳያየው አይታሰብም። በራሱ እግሮችና ጎማዎች ወለሉ ላይ የሚቆም ባለ 2 ቶን ጋንትሪ ክሬን ከምሰሶዎቹ ምንም አይጠይቅም፤ ከመግዛትዎ በፊት በጣም ከባዱን ሻጋታ ይመዝኑ፣ ከማሽኑ አናት እስከ ጣሪያው ማገር ያለውን ከፍታም ይለኩ።