ሬዲዮው የተከፈተው ለላሟ ነው ወይስ ለእናንተ?

ለወጣት የእንስሳት ሐኪሞችና ለወተት ላም አርቢዎች

ልጆቼ፣ ዛሬ ዛሬ በየበረቱ ሬዲዮ ተከፍቶ አገኛለሁ። ሙዚቃ ወተት ይጨምራል ተብሎ ነው። ወሬው መሠረት የለውም አልልም። እ.ኤ.አ. በ2001 በእንግሊዝ የሌስተር ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ለ1,000 ያህል የሆልስታይን ላሞች ሙዚቃ አሰምተው፣ ዝግ ያለው ዜማ የእያንዳንዷን የቀን ወተት በ0.73 ሊትር ገደማ ከፍ እንዳደረገ አስታውቀዋል። አንድ ሊትር እንኳ እንዳልሞላ ልብ በሉ፤ የድምፅ ማጉያ ሻጩ ይህን አይነግራችሁም።

ላሟን እንመልከት። ጡቷ ወተት ቢሞላም ኦክሲቶሲን የሚባለው ሆርሞን ካልመነጨ አይወርድላችሁም። የሐበሻ ላም ጥጃዋን አጠገቧ ካላየች አልታለብም የምትለው ለዚህ ነው። ሆርሞኑ ግን ጥጃዋ ስትጠባ ብቻ ሳይሆን በልማድም ይመነጫል። የግሬራው ኮሽታ፣ የአላቢዋ ኮቴ፣ በየማለዳው የምትደጋግመው እንጉርጉሮ የመታለቢያው ሰዓት መድረሱን ለላሟ ይነግሯታል። ስትደነግጥ ደግሞ አድሬናሊን ይመጣና ወተቱን ያስቀርባችኋል። እንግዲህ እንጉርጉሮው የሚሠራው ላሟ ስለለመደችው እንጂ ዜማው ስላማረ አይመስለኝም። ማልዶ የተለመደ ድምፅ ያሰማች አላቢ፣ በየቀኑ ጣቢያ ከሚቀያይር ሬዲዮ ትበልጣለች።

ጆሮም ከጆሮ ይለያል። ሰው እስከ 20,000 ሄርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው) ሲሰማ ላም እስከ 35,000፣ ውሻ እስከ 45,000 ገደማ ይሰማሉ። ለእናንተ ጸጥ ያለው በረት ለእነርሱ ጸጥ ያለ ላይሆን ይችላል።

የሙዚቃ ጣዕምም እንዲሁ ነው። በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ቻርለስ ስኖውደን እ.ኤ.አ. በ2009 ሴሎ ከተባለው ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ ተጫዋች ጋር ባሳተመው ጥናት፣ ታማሪን የተባሉት ትንንሽ ጦጣዎች ለሰው ሙዚቃ እምብዛም ደንታ አልሰጡም። ከራሳቸው ድምፅ ተቀምሞ የተሠራው ዜማ ግን ነካቸው፦ የእርጋታ ድምፃቸውን የሚመስለው አረጋጋቸው፣ የፍርሃታቸውን የሚመስለው አስበረገጋቸው። ስኖውቦል የተባለው ነጭ በቀቀን ደግሞ የዘፈኑ ፍጥነት ሲለወጥ ውዝዋዜውን አብሮ እንደሚለውጥ በዚያው ዓመት ተመዝግቧል። ደስ ይላል፤ ነገር ግን የበቀቀኑን ችሎታ ለላሟ አትስጧት።

ስለዚህ በረት ስትገቡ ከድምፅ ማጉያው በፊት ላሟን ተመልከቱ። ሬዲዮው ሲከፈት ማመስኳቷን አቋረጠች? ጆሮዋን ወደ ኋላ ጣለች? ትራገጣለች? ከዚያ ደብተር አውጡ። መኖዋንና አላቢዋን ሳትቀይሩ ሁለት ሳምንት በሙዚቃ፣ ሁለት ሳምንት ያለ ሙዚቃ አልቡና የቀኑን ወተት ጻፉ። ወተት ራሱ ከወር ወር ስለሚቀንስ መልሳችሁ አንድ ዙር ድገሙት። ደብተሩ ልዩነት ካላሳየ ሬዲዮውን መዝጋት የለባችሁም፤ አላቢዋ ትስማው፣ ደስ ያላት አላቢ እጇ ለስላሳ ነው። ድምፁን ብቻ ቀንሱላት።