መልስ፦ ጌም 70 ዶላር እየተሸጠ የጌም ኩባንያዎች ለምን ሠራተኛ ይቀንሳሉ?

ወንድሜ፣ 70 ዶላሩ ሁሉ ኪሳቸው አይገባም። የኦንላይን መደብሩ ብዙ ጊዜ 30 በመቶ ይቆርጣል፣ ለሠሪው 49 ዶላር ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ፍርድ ቤት በቀረበ ሰነድ «ዘ ላስት ኦፍ አስ ፓርት 2» የተባለው ጌም 220 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደፈጀ ታይቷል። ዛሬ እንዲህ ዓይነት ጌም ወጪውን ብቻ ለመመለስ 4.5 ሚሊዮን ኮፒ ገደማ በሙሉ ዋጋ መሸጥ አለበት፣ እሱም ግብር ሳይቆጠር። አብዛኛው ወጪ ደግሞ ደሞዝ ነው፤ አንድ ኮፒ ሳይሸጥ ለዓመታት በየወሩ ይከፈላል። አንዱ ከከሸፈ አለቀ፣ «ኮንኮርድ» የተባለው ጌም እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣ በሁለት ሳምንቱ ተዘጋ። በእኔ እምነት ዋጋ መጨመሩ ብዙም አያድናቸውም። አነስ ያለ ጌም ቶሎ ሠርቶ ማውጣት ይሻላል፣ ግን ግራፊክሱ ትንሽ ቢቀንስ መጀመሪያ የምንጮኸው እኛው ነን 😅